የገንዳው ስንቅ

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በስተግራ ያለው የከረሜላ ፋብሪካ ሥራ ካቆመ አምስተኛ ወሩን ይዟል። አስካለ ግን አሁንም በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ በግቢው ጥግ ወዳለው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ትሄድና ቁልፉን ትከፍታለች። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ቤት መስኮት የለውም። ቀትር ላይ እንኳ ዓይን እስኪለምድ ድረስ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው፤ ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው፣ እርጥብ አፈርና እሳት የበዛበት ስኳር አንድ ላይ የሚሸቱት ዓይነት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፁ ነው፣ አረፋ አንድ በአንድ ሲፈነዳ የሚያሰማው፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ብዙ ሰው በዝግታ ከንፈሩን የሚመጥ የሚመስል ድምፅ። አየር ማስገቢያውን ሞተር ለአንድ ሰዓት ታስነሳለች፣ በጠርሙስ ናሙና ትቀዳለች፣ በሩን ቆልፋ ወደ ላብራቶሪዋ ትመለሳለች።

ፋብሪካው ይሠራ በነበረበት ጊዜ ስኳር ያለበት እጣቢ ሁሉ ወደዚህ ገንዳ ይገባ ነበር። ገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይበሉታል፣ የተጣራው ውሃ ወደ ወንዙ ይሄዳል። እነሱን አራብቶ ለዚህ ለማድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ስኳር ጠፍቶ ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ፤ ሥራ አስኪያጁ አስካለንና ዘበኛውን ጋሼ ቶሎሳን ብቻ አስቀርቶ፣ የባክቴሪያው ዘር ከሞተ ማጣሪያው እንደገና ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ማጣሪያ ከሌለ ደግሞ ፋብሪካው ፈቃድ እንደማያገኝ አስረድቷቸው ሄደ። አስካለ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ነው። ዘሩ ከቆየ ፋብሪካው ይከፈታል፤ ፋብሪካው ከተከፈተ በግቢው ያለው የሠራተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ አሰላ እኅቷ ዘንድ ያስቀመጠቻት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኤፍራታ ወደ እሷ ትመለሳለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጅቷ ያላት እናቷ ናት፣ እናቷም ያላት እሷ ናት። ከፋሲካ በኋላ አመጣሻለሁ ብላ በስልክ ቃል ሰጥታታለች።

ምንም ሳያበሉ ዘር ማቆየት የማይሆን ነገር ይመስላል፤ ይሆናል ግን። ባክቴሪያ በዚህ በኩል ከብዙ ሰው ይሻላል፣ በጥጋብ ዘመን ያገኘውን ሁሉ አይጨርስም። የተረፈውን ስብ በመሰለ ፍሬ እየጠቀለለ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ረሃብ ሲመጣ፣ ብርድ ሲመጣ፣ መርዝ ሲመጣ ያንን ፍሬ እያቃለለ ይከርማል። አስካለ ይህን የተማረችው ሥልጠና ከሰጧቸው አንድ ሽማግሌ መምህር ነው። ፍሬውን ስንቅ ነበር የሚሉት። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ስንቁ ሲያልቅስ ምን ይሆናሉ ብሎ ሲጠይቃቸው መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ያኔማ ጎረቤት ስንቅ ይሆናል አሉ። አንዱ ሲፈርስ ሌላው በእሱ ይኖራል ማለታቸው ነበር፤ ክፍሉ ግን ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የአስካለ ሥራ ስንቁን መከታተል ነው። ከናሙናው ጥቂት ጠብታ መስታወት ላይ ታደርጋለች፣ ፍሬውን የሚያጠቁር ቀለም ትቀባዋለች፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ታየዋለች። ጠብታውን የምትለካበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ የላስቲክ መሳቢያ ነበረው፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ዓመት አልፎታል፣ አዲስ ይገዛ ብላ ስንት ጊዜ ጽፋለች። ስለዚህ እንደ ድሮ ተማሪዎች ቱቦውን በከንፈሯ ይዛ በትንፋሿ ትስበዋለች፣ ልኩ ላይ ሲደርስ በምላሷ ትደፍነዋለች። እጇ የለመደ ስለሆነ ስታ አታውቅም ነበር። የሳተችው የሁዳዴ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሲጮኽ ደነገጠችና አንድ ጉንጭ የማይሞላ ነገር ጉሮሮዋን አልፎ ወረደ። ለብ ያለ ነበር፣ ጣፋጭም ነበር።

አፏን ተጉመጥምጣ ወደ ግቢው ዋና በር ወጣች። ጋሼ ቶሎሳ ከዘብ ቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ይበቃል የሚሉት ውሻቸው እግራቸው ሥር ተጋድሟል። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፣ ጾም የሚያውቁ።

«ጋሼ፣ ሳላስበው ከናሙናው ዋጥኩ። ጾሜን ፈታሁ ማለት ነው?»

«ወደሽ ነው?»

«ኧረ በድንገት ነው።»

«እንግዲያው አይቆጠርብሽም» አሉ ዳዊታቸውን ሳያጥፉ። «ደሞ እጣቢ ምኑ ምግብ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ምን ነበር የዋጥሽው ብለው እሳቸው አልጠየቁም፣ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ጾሙ ካልተፈታ ሌላው ነገር ቀላል መስሎ ታያቸው።

በሌላው ዓመት ሁዳዴ ለአስካለ ከባድ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ራሷን ያማታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ዘንድሮ ግን ዘጠኝ ሰዓት እየመጣ ያልፋታል። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ሳትቀምስ መዋሏን ያስታወሰችው ሲመሽ ነበር፣ ብርታት የሰጣትን አምላክ አመሰገነች። የቀሚሷ ወገብ ሲጠብባት ሳሙናው አኮማትሮት ነው አለች። ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ቶሎሳ ጋር አንድ ሳሕን ሽሮ ያቀርባሉ፤ እሷ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስዳ ታቆማለች፣ ሽማግሌው ሳሕኑን ጠርገው ይበሉታል። ሰው በጾም ይከሳል አንቺ ፊትሽ ሞላ፣ በድብቅ ቅቤ የምትልሺ እንዳይሆን እያሉ ይቀልዱባታል። ወዲያው ደግሞ ቀበቷቸውን አውልቀው ተጨማሪ ቀዳዳ እንድትበሳላቸው ይሰጧታል። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ በሚስማር በሳችላቸው።

በገንዳው በኩል ነገሩ መጀመሪያ መጽሐፉ እንደሚለው ነበር። በየሳምንቱ ጥቁሮቹ ፍሬዎች እያነሱ፣ እየሳሱ ሄዱ። በአራተኛው ሳምንት ግን መስታወቱ ላይ ከዚያ በፊት ያላየችው ነገር ነበር። አንዲት ባክቴሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቁር ስንቅ ተሞልታ ቆማለች፤ በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ባዶ ናቸው፣ ቅርፊታቸው ብቻ የቀረ፣ እንደ ተላጠ የባቄላ ገለባ። የበላቻቸው አይመስልም፣ አንዳቸውም አልተቀደዱም። ወደ እሷ ተጠግተው፣ ተደግፈዋት፣ እዚያው ባዷቸውን ቀርተዋል። አስካለ መስታወቱን አጥባ ሌላ ጠብታ አደረገች። እዚያም አንዲት የሞላች፣ ዙሪያዋን ባዶዎች። ቀለሙ ተበላሽቷል ብላ ጻፈች፣ ግን የጻፈችውን አላመነችውም፤ ያን ቀን አራት ጊዜ ተመልሳ የሰማያዊውን በር ቁልፍ ነካካች።

ከዚያ ወዲህ እግሯ አላርፍ አለ። ወንበር ላይ ስትቀመጥ መቆም ያምራታል፣ ስትቆም ወደ ገንዳው መሄድ ያምራታል፣ እዚያ ስትደርስ ደግሞ ደጅ የተወችው ነገር ያለ ይመስላታል። የተቃጠለው ስኳር ሽታ ከጋዋኗ አልለቅ አለ፤ በሙቅ ውሃ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ሽታው ግን ጋዋኑን ሳትለብስም ይከተላታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ ይበቃልን ሦስት ዓመት ፍርፋሪ ያበላችው እሷ ናት፤ አሁን እሷ ብቅ ስትል ጅራቱን ሸጉጦ፣ ጥርሱን ሳያሳይ፣ በቀስታ እያጉረመረመ ወደ ኋላው ይሸሻል። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ጋሼ ቶሎሳ አልገረማቸውም፤ ሉካንዳ በተዘጋበት በሁዳዴ የማይከሳ የከተማ ውሻ የለም፣ ለፋሲካ አጥንት ሲያገኝ ይመለሳል አሉ። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ሰሞን የከሳ ሁሉ በጾም የከሳ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና እዚያው ግቢ ያለችው መኖሪያ ክፍሏ ገብታ ጋደም አለች። ሞተሩ ቆሟል፣ ገንዳው በሁለት የግንብ አጥር ማዶ ነው፣ ነፋስ የለም። ያ ከንፈር የመምጠጥ ድምፅ ግን ይሰማታል፤ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀጥል። ቧንቧው ነው አለች። ተነሥታ የቧንቧውን መዝጊያ አጠበቀች፣ ተመልሳ ተኛች፣ ድምፁ እንደነበረ ነው። እንዳትሰማው ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፈነች፤ ያኔ ጎልቶ ተሰማት። ገንዳው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፣ ብዙ ስለሰማሁት ነው ብላ ከቤት ወጣችና እስኪደክማት ድረስ በግቢው ዞረች። ድካሙ ግን አልመጣም።

ፋሲካ ደረሰ። የጋሼ ቶሎሳ ልጅ ከገጠር ግማሽ በግ ላከላቸው፣ ከበሩ ማዶ ያሉት ሉካንዳዎች ተከፈቱ፣ ለይበቃል የአጥንት ክምር ተደረገለት። ውሻው በላ። አጥንቱን ሲሰብረው ላብራቶሪው ድረስ ይሰማ ነበር፣ እሑድ ሙሉ ቀን በላ፣ ሰኞም በላ። ማክሰኞ ጠዋት በክምሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ሞቶ ተገኘ፤ አስካለ ወደ ጉድጓዱ ለመውሰድ ስታነሣው እንደ ባዶ ማዳበሪያ ቀለላት። ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ፈራች። ውሻ ምን ጾም አለበት? ቀና ብላ ጋሼ ቶሎሳን አየቻቸው፤ ሱሪያቸውን በገመድ አስረውታል፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከሳሕናቸው ላይ የተጋጠ አጥንት ተቆልሏል።

«ጋሼ፣ ምግብ እየበሉ አይደለም እንዴ?»

«በላሁ እኮ» አሉ ግራ በመጋባት። «እበላለሁ፣ ግን ሌላ ሰው የበላው ይመስለኛል።»

ገንዳው ነው። ሌላ በምን ታመካኛለች? ይህን ሁሉ ወር የሚበላ ያልተሰጠው ነገር ዛሬም አረፋ ያወጣል፣ ዛሬም ይሸታል፤ ስንቁን ከየት አመጣው? ከገንዳው አየር አንድ መርዝ እየወጣ ሽማግሌውን እየጨረሳቸው ነው ብላ ደመደመች። ገንዳውን መግደል ማለት ደግሞ ፋብሪካውን መግደል ነው፣ ኤፍራታን አሰላ ማስቀረት ነው። ልጅቷ በፋሲካ ዕለት በስልክ፣ እማዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቼዋለሁ ብላታለች። አስካለ ለሁለት ቀን በሰማያዊው በርና በዘብ ቤቱ መካከል ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ቶሎሳ ከወንበራቸው ለመነሣት ሞክረው አቃታቸው፤ ያኔ ከዕቃ ቤት የነበረውን በረኪና ሁሉ፣ ዘጠኝ ጀሪካን፣ አንድ በአንድ ተሸክማ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ዓይኗ እያነባ ነበር፤ ከበረኪናው ይሁን ከልቅሶው ለይታ አታውቅም። አረፋው ጠፋ። ከጨለማው ውስጥ ድምፁ እያነሰ፣ እየራቀ ሄደና ቆመ። በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ሥር ያየችው ሁሉ ባዶ ነበር፣ አንዲትም የሞላች አልነበረችም።

ለሥራ አስኪያጁ ደውላ ዘሩ ሞተ አለችው። ሰደባት፣ ስልኩን ዘጋባት። ግድ የለም አለች፤ ሰው ተርፏል። ሽማግሌው እስኪያገግሙ በየቀኑ አጥሚት እየሠራች፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ በማንኪያ ታጠጣቸው ነበር። ይጠጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ በማግስቱ የያዘችው እጅ ቀጥኖ ይጠብቃታል። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። ጤና ጣቢያ ወስዳቸው ነበር፣ ምግብ ያስፈልጋቸዋል ብለው መለሷቸው። መርዝ ቶሎ አይወጣም፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ብላ ራሷን አጽናናች። በዘጠነኛው ቀን ልጃቸው መጥቶ በባጃጅ ጭኖ ወደ ገጠር ወሰዳቸው፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ እያለቀሰች ሸኘቻቸው።

ከዐሥር ቀን በኋላ ደወሉ። ድምፃቸውን መጀመሪያ አላወቀችውም፣ ወፍራም ሆኗል።

«አስካልዬ፣ ሆዴ ተከፈተ» አሉ። «ዛሬ ሁለት እንጀራ አንሥቼ ሦስተኛው ላይ አፈርኩ። ያ ግቢ ነው እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ። አንቺም ውጪ ከዚያ።»

እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ግቢው ነው፤ እሳቸው ከግቢው ሲወጡ ዳኑ። ያን ቀን ቁልፎቹን በጋሼ ቶሎሳ ምትክ ለተቀጠረው ዘበኛ አስረክባ፣ ጋዋኗን እዚያው ሚስማሩ ላይ ትታ፣ አሰላ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። መኪናው ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት ሴት ከረሜላ የያዘ ሰው አለ እንዴ ብለው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። አስካለ መስኮቱን ከፈተችላቸው።

እኅቷ ደብሪቱ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ሳቂታ ሴት ናት። ኤፍራታ ደግሞ በአሰላ ወተት ጉንጯ ተነፍቶ፣ ክንዷ ጠብደል ብሎ ነበር የጠበቀቻት፤ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ሦስቱ በአንድ ክፍል ያድሩ ጀመር፣ እናትና ልጅ በአንድ አልጋ። ልጅቷ ትሄድብኛለች ብላ በእንቅልፏም የእናቷን ክንድ ይዛ ነው የምትተኛው። የአስካለ እግር ዐረፈ። ያ መቅበጥበጥ ጠፋ፣ ሰውነቷ ሞቀ፣ ለብዙ ወራት ያላገኘችውን እንቅልፍ አገኘች። ፋብሪካው ባይከፈትም ልጄ አጠገቤ ናት፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም አለች። አሰላ ብርድ ነው፣ ዝናቡም ገብቷል፤ እሷ ግን ሹራብ አላስፈለጋትም።

በሁለተኛው ሳምንት ደብሪቱ ቀሚሷ እንደሰፋት በደስታ አወራች። ስንት ዓመት ልቀንስ ብዬ ያቃተኝን ያንቺ መምጣት ቀነሰልኝ፣ አንቺ መድኃኒት ነሽ ብላ ሳመቻት። አስካለም ሳቀችላት። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ኤፍራታ የዩኒፎርም ጉርዷን በአንድ እጇ ወገቧ ላይ ይዛ መጣች፤ እየወረደባት ነው፣ አክስቷ በመርፌ ቁልፍ እንድታይዝላት ትፈልጋለች። ደብሪቱ መርፌ ቁልፉን ስትፈልግ አስካለ ተንበርክካ የጉርዱን ወገብ ሰበሰበችው። አንድ ጭብጥ ሙሉ ትርፍ ጨርቅ እጇ ውስጥ ገባ። ቀና ስትል የልጇ ማተብ ወደ ውስጥ በገባ የአንገት ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ አየችው።

«ቁርስሽን አልበላሽም እንዴ የኔ እናት?»

«በላሁ እኮ እማዬ» አለች ልጅቷ። «ሁለት ዳቦ በላሁ። ራበኝ ግን።»

ደብሪቱ ከጓዳ ሆና የምታወራው ነገር ነበር፣ አስካለ አልሰማቻትም። ቤቱ ሁሉ ጸጥ ያለባት መሰላት፤ በጸጥታው ውስጥ፣ በጣም ቅርብ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ብዙ ሰው በዝግታ ከንፈሩን ሲመጥ ይሰማታል። ገንዳው ሞቷል፣ በእጇ ገድላዋለች፣ ባዶውን ቅርፊት በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ሁሉ ቅርፊት መካከል ያላገኘቻትን አንዲት የሞላች አስታወሰች። ያን የሁዳዴ ሰኞ ጉሮሮዋን አልፎ የወረደውን ለብ ያለ ጣፋጭ ነገር፣ የይበቃልን ማጉረምረም፣ በማንኪያ እያጠጣቻቸው በእጇ ውስጥ የቀጠነውን የሽማግሌውን እጅ አስታወሰች። ልትነሣ፣ ወደ በሩ ልትሮጥ፣ መንገዱን ልትይዝ ፈለገች፤ ኤፍራታ ግን ፊቷ ሲለዋወጥ አይታ ደነገጠችና በቀጫጭን ክንዶቿ አንገቷን አቅፋ፣ እንደነዚያ ባዶዎች መላ ሰውነቷን ተደገፈቻት።

አስካለ እህል የሚባል ነገር ከቀመሰች አራተኛ ቀኗ መሆኑ ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ ጠግባም ነበር።